የጡንቻ ክር አስኳሎች በየቦታቸው እንዴት እንደሚቆሙ



በቋራ ወረዳ በገለጉ፣ ከዚያም በስተ ሰሜን በመተማ፣ እስከ ሱዳን ወሰን ድረስ በተዘረጋው ቆላ፣ መስከረም ተጋምሶ ጥቅምት ሲቃረብ የሰሊጥ አጨዳ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ ብዙ ሠራተኛ ማጭዱን ይዞ ይወርዳል። ሰሊጥ ቀን የማይሰጥ ሰብል ነው፤ ዘሩን የያዘው ቅርፊት ደርቆ ከተከፈተ ዘሩ በመሬት ላይ ይፈስሳልና፣ ባለ እርሻው ስለ ዕለት ብቻ ሳይሆን ስለ ሰዓትም ይጨነቃል። ስለዚህ ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ ያጭዳል፤ ያጨደውን በነዶ ያስራል፤ ነዶውንም ተሸክሞ ያቆማል። ይህን ሁሉ የሚሠራው በክንዱ፣ በወገቡና በጭኑ ጡንቻ ነው። ስለ ሰሊጥ ዋጋ በየገበያው ይነገራል፤ ሰሊጡን ስለሚሰበስበው ጡንቻ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። የዚህ ንግግር ነገር እርሱ ነው፤ ይልቁንም በአንዲት የጡንቻ ክር ውስጥ የሚገኙት ብዙ አስኳሎች ሳይከማቹና ሳይዛነፉ በየቦታቸው እንዲቆሙ የሚያደርጋቸው የሕዋስ አጽም እንዴት እንደሚሠራ ይነገራል።

አስቀድሞ ጡንቻ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። የበሬ ሥጋ ተቀቅሎ በጣት ቢገነጥሉት ክር ክር እየሆነ እንደሚላቀቅ ሁሉም ያውቀዋል። በጣት የሚያዘው ያ ክር አንድ ብቻ አይደለም፤ የብዙ ክሮች እስር ነው። እስሩ በማጉያ መነጽር፣ ማለት በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ እያንዳንዱ የጡንቻ ክር ለብቻው ይለያል፤ ውፍረቱም ከ10 እስከ 100 ማይክሮሜትር ይሆናል። ማይክሮሜትር ማለት አንድ ሚሊሜትር በ1000 ቢከፈል አንዱ ክፍል ነው፤ ስለዚህ ወፍራሙ የጡንቻ ክር ከራስ ጠጉር ጋር ይተካከላል፤ ቀጭኑ ግን ከጠጉርም እጅግ ያንሳል። ርዝመቱ ግን የሚያስደንቅ ነው፤ በሰው ጭን ውስጥ ከ10 ሴንቲሜትር የሚበልጡ ክሮች ይገኛሉ።

ይህ ረጅም ክር አንድ ሕዋስ ነው። ሕዋስ ማለት ሕይወት ያለው አካል ሁሉ የሚገነባበት ትንሹ ክፍል ሲሆን፣ እንደ ዕንቁላል አስኳል አለው። ነገር ግን የሕዋስ አስኳል እንደ ዕንቁላሉ ምግብ የሚከማችበት ስፍራ አይደለም፤ ዲኤንኤ የተባለው የዘር ጽሕፈት የሚጠበቅበት ቤት ነው። አስኳል የተባለው በመካከል ስለሚቀመጥ ብቻ ነው፤ በጡንቻ ዘንድ ደግሞ ይህም እንኳ አይስማማም፤ የጤናማ ጡንቻ አስኳል መካከሉን ትቶ በዳር ይቆማልና። ስም አውጪዎች ይህን ቢያውቁ ኖሮ ሌላ ስም ይፈልጉ ነበር።

አብዛኛው የሰው ሕዋስ አንድ አስኳል አለው፤ ቀዩ የደም ሕዋስማ ምንም የለውም። የጡንቻ ክር ግን በመቶ፣ በረጃጅሞቹም ዘንድ በሺህ የሚቆጠሩ አስኳሎች አሉት። ይህም የሆነበት ምክንያት ከአመጣጡ የተነሣ ነው። ሕፃን በማኅፀን ሳለ ማዮብላስት የተባሉ ትንንሽ ሕዋሶች፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ አስኳል ይዘው፣ እርስ በርሳቸው ይቀራረቡና የየራሳቸውን ገለፈት አገናኝተው አንድ ይሆናሉ፤ ጎረቤታሞች በመካከላቸው ያለውን አጥር አፍርሰው ግቢውን አንድ እንደሚያደርጉት ማለት ነው። አጥሩ ቢፈርስም ቤቶቹ እንዳሉ ይቀራሉ፤ አስኳሎቹም እንዲሁ። ከተገናኙም በኋላ እነዚህ አስኳሎች ዳግመኛ አይከፈሉም፤ አይራቡምም። አዲስ አስኳል ቢያስፈልግ ከውጭ ይመጣል። በ1961 በአውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አሌክሳንደር ማውሮ የተባለ ሊቅ በእንቁራሪት ጡንቻ ላይ ሲመራመር፣ ከክሩ ገለፈት በላይ ከውጭው ሽፋን በታች ተጠግተው የሚኖሩ ትንንሽ ሕዋሶችን አገኘ። ሳተላይት ሕዋስ አላቸው፤ አጃቢ እንደ ማለት ነው። ክሩ በተጎዳ ወይም በወፈረ ጊዜ እነርሱ ተራብተው ይቀላቀሉታል።

አሁን ጥያቄው ይነሣል፤ አንድ ክር ለምን ይህን ያህል አስኳል ያስፈልገዋል? አስኳሎቹስ የትም ተበትነው ቢቀመጡ ምን ይጎድላል?

አስኳል የብራና መጽሐፍ እንዳለበት ዕቃ ቤት ነው። መጽሐፉ ከቤቱ አይወጣም፤ ሥራ በሚያስፈልግበት ጊዜ የሚያስፈልገው ቅጠል ብቻ ይገለበጥና ግልባጩ ወደ ውጭ ይላካል። ይህም ግልባጭ መልእክተኛ አርኤንኤ ይባላል። በውጭ ያሉት ሠሪዎች ግልባጩን እያነበቡ ፕሮቲን የተባለውን የጡንቻውን ሕንጻ ይሠራሉ። በጡንቻ ክር ውስጥ ያሉት ሺህ አስኳሎች ሁሉም አንዱን መጽሐፍ ሙሉውን ይዘዋል። ነገር ግን ግልባጩ ሩቅ መንገድ አይሄድም፤ ከእርሱ የሚሠራውም ፕሮቲን ብዙውን ጊዜ በዚያው አካባቢ ይቀራል። ስለዚህ እያንዳንዱ አስኳል የሚያገለግለው በዙሪያው ያለውን የክሩን ክፍል ነው፤ ይህም ክፍል የአስኳሉ ግዛት ይባላል።

ይህን ነገር የቆላ ልጅ ከደገኛው ይልቅ ፈጥኖ ያስተውለዋል። ማሽላ እሸት በያዘ ጊዜ ግሪሳ ወፍ እንዳይበላው በእርሻው ውስጥ ማማ ይሠራል፤ በየማማውም ላይ ወንጭፍ የያዘ ጠባቂ ይቆማል። የአንዱ ወንጭፍ በሚደርስበት ልክ ተለክቶ የሚቀጥለው ማማ ይተከላል። ጠባቂዎቹ ለጨዋታ ብለው በአንድ ማማ ቢሰበሰቡ ቁጥራቸው ሳይጎድል እርሻው ይጠፋል። የጡንቻም አስኳሎች እንዲሁ ናቸው፤ መብዛታቸው ብቻ አይበቃም፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት የተመጣጠነ መሆን አለበት። ሊቃውንት የአይጥን የጡንቻ ክር ለብቻው አውጥተው የአስኳሎቹን ርቀት ሲለኩ፣ በዘፈቀደ ቢበተኑ ኖሮ ከሚሆነው ይልቅ እጅግ የተስተካከለ ሆኖ አግኝተውታል። እንግዲህ የሚያሰድራቸው አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

የሚያሰድራቸውም የሕዋስ አጽም ነው። ይህ ስም እንዳያሳስት መጠንቀቅ ያሻል። የሰው አጽም፣ ማለት አጥንት፣ ጠንካራና ለብዙ ዘመን የሚኖር ነው፤ የሕዋስ አጽም ግን ብዙው ክፍሉ በየደቂቃው ይሠራል፣ በየደቂቃው ይፈርሳል። ከአጥንት ይልቅ ለጎጆ ሠሪ ሠፈር ይቀርባል፤ ምሰሶው ገና ሳይደርቅ ተነቅሎ በሌላ ስፍራ ይተከላል።

ሦስት ዓይነት ክፍሎች አሉት፤ መጠናቸውም በናኖሜትር ይለካል፤ ናኖሜትር ማይክሮሜትር በ1000 ሲከፈል የሚገኝ ነው። ወፍራሞቹ ማይክሮቱቡል ይባላሉ፤ 25 ናኖሜትር ስፋት አላቸው፤ ውስጣቸውም እንደ ሸምበቆ ባዶ ነው። ቀጭኖቹ አክቲን የተባሉት ናቸው፤ 7 ናኖሜትር ገደማ ይሆናሉ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያሉት 10 ናኖሜትር ገደማ የሆኑት ናቸው፤ በጡንቻ ውስጥ ከእነርሱ ዋናው ዴዝሚን ይባላል። ማይክሮቱቡል መንገድ ነው፤ አክቲን ሳቢ ነው፤ ዴዝሚን ማሰሪያ ነው ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም።

በማይክሮቱቡሉ መንገድ ላይ የሚሄዱ ተሸካሚዎች አሉ። አንዱ ኪኔሲን ሁለተኛው ዳይኒን ይባላል። ሁለቱም ፕሮቲን ናቸው፤ ሁለት ሁለት እግር የሚመስል ነገር አላቸው፤ በእርሱም በሸምበቆው ላይ እየተራመዱ ጭነት ይጎትታሉ። የኪኔሲን አንዱ እርምጃ 8 ናኖሜትር ነው። አብዛኛው የኪኔሲን ወገን ወደ አንደኛው የመንገዱ ጫፍ ይሄዳል፤ ዳይኒን ግን ወደ ተቃራኒው ይመለሳል። በቀድሞ ዘመን በመተማና በገላባት መካከል ግመል ጭነት ያመላልስ ነበር፤ ልዩነቱ በሕዋስ ውስጥ የሚሄደው ግመልና የሚመለሰው ግመል የተለያዩ መሆናቸው ነው።

በሌላ ሕዋስ ዘንድ ማይክሮቱቡሎች የሚበቅሉት ከአስኳሉ አጠገብ ካለው ሴንትሮሶም ከተባለው ስፍራ ነው። ጡንቻ ሊሆን የተዘጋጀ ሕዋስ ግን ይህን ስፍራ ይተውና፣ ማይክሮቱቡሎቹን የሚያበቅለው ከራሱ ከአስኳሉ ገለፈት ላይ ይሆናል። ይህ ትንሽ የሚመስል ለውጥ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። በአንድ ክር ውስጥ ሺህ አስኳል ካለ ሺህ የመንገድ መነሻ አለ ማለት ነውና፣ እያንዳንዱ አስኳል በዙሪያው የራሱን መንገድ ዘርግቶ በዚያ መንገድ ከጎረቤቱ ጋር ይገናኛል። ከሁሉ በላይ ቆሞ የሚያዝ አንድ አለቃ በክሩ ውስጥ የለም።

ከዚህ በኋላ አስኳሎቹ ወደ ቦታቸው የሚሄዱበት ጉዞ በተራ ይነገራል።

አዲስ ማዮብላስት ከክሩ ጋር በተቀላቀለ ጊዜ አስኳሉ ፈጥኖ ወደ ክሩ መካከል ይሳባል። የሚስበውም ዳይኒን ነው፤ ቀድሞ ከነበሩት አስኳሎች የወጡት ማይክሮቱቡሎችም መንገድ ይሆኑታል፤ ይህም በ2012 በታተመ ምርምር ተገልጿል። በዚህ ጊዜ አስኳሎቹ ገና በክሩ መካከል ተጨናንቀው ነው የሚገኙት።

ቀጥሎ በክሩ ርዝመት ይዘረጋሉ። በዚያው በ2012 በፍራፍሬ ዝንብና በአይጥ ላይ የተመራመሩ ሊቃውንት፣ ኪኔሲንና ከማይክሮቱቡል ጋር የሚያጣብቀው ማፕ ሰባት የተባለው ፕሮቲን ሲጎድሉ አስኳሎቹ ተከማችተው እንደሚቀሩ አሳይተዋል። የዝንቡ እጭም ጡንቻው ቢኖረውም አሳሳቡ ደከመ። ይህ ምርምር ታላቅ ዋጋ አለው፤ የአስኳል ቦታ ለዓይን ማማር ሳይሆን ለጡንቻው ሥራ እንደሚያስፈልግ አስረድቷልና። ኪኔሲን አስኳሎቹን የሚያራርቀው በሁለት መንገድ ሊሆን እንደሚችል ይነገራል። አንዱ፣ ከሁለት ጎረቤታሞች የወጡ ማይክሮቱቡሎች በመካከል ተደራርበው ሲገናኙ፣ ኪኔሲን አንዱን በሌላው ላይ እየገፋ ሁለቱን አስኳሎች ያለያያል፤ ሁለት ሰዎች ምርኩዛቸውን አጋጥመው እርስ በርስ እንደሚገፋፉት ያለ ነው። ሁለተኛው፣ ኪኔሲን ራሱን በአስኳሉ ገለፈት ላይ አጣብቆ አስኳሉን እንደ ጭነት ይዞት ይሄዳል። ሁለቱም እየተረዳዱ ሊሠሩ ይችላሉ።

ሦስተኛው ጉዞ ከመካከል ወደ ዳር ነው። ይህን ለማስተዋል የክሩን ውስጥ ማወቅ ያስፈልጋል። የክሩን ሆድ የሚሞሉት ማዮፊብሪል የተባሉ ረቂቅ ቃጫዎች ናቸው። እያንዳንዱ ቃጫ በርዝመቱ ከ2 እስከ 3 ማይክሮሜትር በሚሆኑ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ በየክፍሉም አክቲንና ማዮሲን የተባሉት አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተቱ ክሩን ያሳጥሩታል። ጡንቻ የሚኮማተረው በዚህ መንገድ መሆኑ በ1954 ተገልጿል። አስኳሉ በቃጫዎቹ መካከል ቢቆም ሥራቸውን ያሰናክላል።

ወደ ዳር የሚያወጣው ምን እንደ ሆነ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አልታወቀም ነበር። ሰው የሚገምተው እንደ ቀደሙት ጉዞዎች ኪኔሲን ወይም ዳይኒን ይጎትተዋል ብሎ ነው። በ2017 የታተመ ምርምር ግን ሌላ ነገር አሳየ። አጫጆች ነዶ ሲያስሩ ሳያውቁ ቅል ወይም ክብ ድንጋይ በአገዳው መካከል ቢገባ፣ ማሰሪያው በጠበቀ ቁጥር አገዳዎቹ እርስ በርስ ተጠጋግተው ያንን ክብ ነገር ወደ ጎን እያንሸራተቱ ያወጡታል። በጡንቻም ክር ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። ቃጫዎቹ ገና በመሠራት ላይ ሳሉ መኮማተር ይጀምራሉ፤ ዴዝሚን ደግሞ ቃጫውን ከቃጫ ጋር ያስራል፤ እስሩ በጠበቀ ጊዜ በመካከል ያለው አስኳል ተጨምቆ ወደ ዳር ይወጣል። መኮማተሩ በመድኃኒት ሲከለከል ወይም ማሰሪያው ሲጎድል አስኳሉ በመካከል ይቀራል። እንግዲህ አስኳሉን ወደ ቦታው የሚያደርሰው የጡንቻው የራሱ ሥራ ነው።

ዳር የደረሰው አስኳል ተመልሶ እንዳይንሸራተት መታሰር አለበት። አስኳሉ ሁለት ገለፈት አለው፤ በውስጠኛው ገለፈት ሥር ላሚን የተባሉ ፕሮቲኖች እንደ መረብ ተሠርተው አስኳሉን ያጸኑታል። ከመረቡም ላይ ሰን የተባሉት ፕሮቲኖች ተነሥተው ውስጠኛውን ገለፈት ያልፋሉ፤ በሁለቱ ገለፈቶች መካከልም ከውጭ የሚመጡትን ኔስፕሪን የተባሉትን ይይዛሉ፤ ኔስፕሪኖቹ በበኩላቸው ከውጭ ያለውን የሕዋስ አጽም ይጨብጣሉ። ድንኳን በካስማና በገመድ እንደሚወጠር፣ አስኳሉም ከውስጥም ከውጭም ተይዞ ይወጠራል። ጡንቻው በተኮማተረና በተዘረጋ ቁጥር ይህ ገመድ ይሳባል፤ ስለዚህ ከገመዱ አንዱ የላላ ወይም የተበላሸ እንደ ሆነ ጉዳቱ ብዙ በሚሠራው ጡንቻ ላይ ይበረታል።

እኩል መራራቅ ሕጉ ቢሆንም ሕጉ የማይሠራበት ስፍራ አለ። ነርቭ ከጡንቻው ክር ጋር በሚገናኝበት ነጥብ ጥቂት አስኳሎች ተሰብስበው ይቆማሉ። በዚያ ስፍራ የነርቩን መልእክት የሚቀበሉ ፕሮቲኖች እጅግ ስለሚያስፈልጉ፣ እነዚህ አስኳሎች ከመጽሐፉ ውስጥ ሌሎቹ የማይገልጡትን ቅጠል ይገልጣሉ። ክሩ ከጅማት ጋር በሚያያዝበት ጫፍም እንዲሁ ነው። በእርሻውም ዝንጀሮ በሚገባበት በገደሉ በኩል ሁለትና ሦስት ጠባቂ እንደሚቆም የታወቀ ነው። በአይጦች ላይ ኔስፕሪን በጎደለ ጊዜ በነርቩ ሥር ያለው የአስኳል ጉባኤ ተበትኗል።

ቦታ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ አስኳሎቹ ለዘላለም አይነቃነቁም ተብሎ ለብዙ ጊዜ ይታሰብ ነበር። ይህ ሐሳብ አሁን ተለውጧል። ከደጋ ወርዶ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያጭድ ሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጭኑና ወገቡ ተይዞ መነሣት ያቅተዋል። ይህ ሕመም የሚመጣው ጡንቻው ያልለመደውን ሥራ ሲሠራ፣ ይልቁንም ሸክም ይዞ እየተዘረጋ ሲሠራ፣ በክሮቹ ውስጥ ትንንሽ ቁስሎች ስለሚፈጠሩ ነው። በ2021 በሩጫ በደከሙ አይጦች ላይ የተደረገ ምርምር የሚደነቅ ነገር ገለጠ። ክሩ በቆሰለ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በአጠገቡ ያሉት አስኳሎች ከቦታቸው ተነሥተው ወደ ቁስሉ ይሄዳሉ፤ የሚወስዷቸውም እነዚያው ማይክሮቱቡልና ዳይኒን ናቸው። ከቁስሉ አጠገብ ደርሰው ግልባጫቸውን በዚያው ያወጣሉ፤ የፈረሰውም ቃጫ ሳይዘገይ ይጠገናል። ሳተላይት ሕዋሶች ሳይጠሩ ክሩ በራሱ አስኳሎች ራሱን ሊጠግን ይችላል ማለት ነው። ታላቅ ጉዳት በደረሰ ጊዜ ግን ያለ ሳተላይት ሕዋስ አይሆንም። በሄክታር ተዋውሎ የሚያጭደው ሠራተኛ ይህን ቢሰማም ጡንቻው እስኪጠገን የሚያርፍበት ቀን የለውም፤ ይህ የሊቃውንቱ ሳይሆን የአሠሪዎቹ ነገር ነው።

አሁን ሥርዓቱ ሲፈርስ የሚሆነው ይነገራል፤ ለትምህርት ቤት መምህር ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነውና።

በ1966 ሐኪሞች የአንድ የ12 ዓመት ልጅ ጡንቻ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፣ በብዙዎቹ ክሮች ውስጥ አስኳሎቹ በዳር ሳይሆን በመካከል ተሰልፈው አገኙ። ይህ መልክ በማኅፀን ያለ ሕፃን ጡንቻ መልክ ስለሆነ፣ የልጁ ጡንቻ ማደጉን በመንገድ ላይ ያቋረጠ መሰላቸው። ከዚያ ወዲህ ይህን የመሰለው በሽታ ወገን ብዙ መሆኑ ታውቋል። ከወንዶች ሕፃናት ጋር የሚወለደው ብርቱው ዓይነት የሚመጣበት የዘር ጉድለት በ1996 ተገኘ፤ ለስለስ ያሉትን ዓይነቶች የሚያመጡ ሌሎች ጉድለቶችም በ2005ና በ2007 ተገኙ። የዓይን ሽፋን መውደቅ፣ የፊት መፍዘዝ፣ የጭንና የትከሻ ድካም ከምልክቶቹ ናቸው። የአስኳሉ በመካከል መቆም ራሱ ድካሙን ያመጣል ወይስ የሌላ ጉድለት ምልክት ብቻ ነው የሚለው በሊቃውንት መካከል እስከ ዛሬ ያከራክራል። ክርክሩም አለ ምክንያት አይደለም፤ ቆስሎ በሳተላይት ሕዋሶች በተጠገነ ክር ውስጥም አስኳል በመካከል ይገኛልና። ስለዚህ ሐኪም ማይክሮስኮፑን ብቻ አይቶ አይፈርድም።

በዚያው በ1966 አለን ኤመሪና ፍሪትዝ ድራይፉስ የተባሉ ሐኪሞች በአሜሪካ በቨርጂንያ የሚኖር የአንድ ቤተ ሰብ በሽታ ጻፉ፤ በሽታው በስማቸው ይጠራል። መጀመሪያ የሚታየው ድካም ሳይሆን የመገጣጠሚያ መተሳሰር ነው። ልጁ ክርኑን አቅንቶ መዘርጋት ያቅተዋል፤ የተረከዙ ጅማት ስለሚያጥር በጣቱ ይራመዳል፤ አንገቱን አጎንብሶ አገጩን ከደረቱ ማድረስ አይሆንለትም። ቀጥሎ የላይኛው ክንዱና የባቱ ሥጋ ይሳሳል። መንሥኤው እስከ 1994 ድረስ አልታወቀም ነበር፤ በዚያ ዓመት ኤመሪን የተባለው ፕሮቲን ጉድለት ተገኘ፤ በ1999 ደግሞ በሌሎች ቤተ ሰቦች ዘንድ የላሚን ጉድለት ያንኑ በሽታ እንደሚያመጣ ታወቀ። ሁለቱም የአስኳሉ ገለፈት ፕሮቲኖች ናቸው፤ ማለት ከላይ የተነገረው ድንኳን የሚወጠርበት ካስማ ክፍሎች ናቸው። አስኳሉን ከአጽሙ ጋር የሚያያይዘው ነገር ሲበላሽ ሰው እጁን መዘርጋት ያቅተዋል፤ በናኖሜትር የሚለካ ነገር በክርን ላይ ይታያል።

በየመንደሩ እንዲህ ያለ ልጅ ሲገኝ ሰነፍ ይባላል፤ ሲሮጥ ከወደቀ ይሳቅበታል፤ ሲብስም ቡዳ በላው ወይም እርግማን ደረሰበት ይባላል። መምህሩም ዘወትር ወደ ኋላ የሚቀረውን ልጅ ለመቅጣት ይቸኩላል። በቆላው አገር ልጅን የሚያከሳና የሚያደክም ሌላ ብዙ ነገር መኖሩ እውነት ነው፤ ረኃብ አለ፣ ወባ አለ፣ ሆድን የሚነፋውና ትኩሳቱ የማይለቀው ካላ አዛር በመተማ በኩል የታወቀ ነው። እነዚህ ሁሉ ፈጥነው ሊታከሙ የሚገባቸው ናቸው። ከእነርሱ የሚለየው ግን ትኩሳት የሌለው፣ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ የሚጨምር ድካም ነው፤ ይልቁንም በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ ወንድም ወይም የእናት ወንድም ያን ድካም ያየ እንደ ሆነ።

ስለ ኤመሪንና ስለ ላሚን በሽታ አንድ ነገር ተለይቶ መነገር አለበት። ልብ ራሱ ጡንቻ ነው፤ የልብም ሕዋሶች አስኳል በእነዚሁ ፕሮቲኖች የጸና ነው። ስለዚህ በእነዚህ በሽታዎች የልብ ምት መዘግየትና መቆራረጥ ይመጣል፤ አንዳንድ ጊዜ የእጅና የእግር ድካሙ ገና ቀላል ሳለ፣ ሰው ምንም ሳይታወቀው፣ ልቡ በድንገት ቆሞ ይሞታል። በዘር የሚያስተላልፉት እናቶችም፣ ጡንቻቸው ጤነኛ መስሎ ሳለ፣ የልብ ምት ችግር ሊያገኛቸው ይችላል። የጡንቻውን ጉድለት የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ ባይኖርም፣ የልቡን ምት የሚመዘግብ መሣሪያ ችግሩን አስቀድሞ ያሳያል፤ ካስፈለገም በደረት ቆዳ ሥር የሚቀበር ምት ሰጪ መሣሪያ ይደረግለታል። ከገለጉ እስከ ጎንደር ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ በክረምትም ያስቸግራል። ቢሆንም ክርኑ የማይዘረጋ፣ በጣቱ የሚራመድ ልጅ ወላጆች ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሲሄዱ ሐኪሙ ጡንቻውን ብቻ ሳይሆን ልቡንም፣ የልጁን ልብ ብቻ ሳይሆን የእናቱንና የወንድሞቹንም እንዲመረምር መጠየቅ አለባቸው።